ዜማ መምራት፣ ዘማሪ መጠበቅ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያም ተራው ይዞራል። በቀኝ ቀኝ ጌታው፣ በግራ ግራ ጌታው ይቆማሉ፤ የዜማውን አካሄድ የሚጠብቀው መሪጌታው ነው። የታላላቅ በዓላት ማኅሌት ሌሊቱን አልፎ ከቅዳሴ ጋር ይገናኛል። በዘመነ ጽጌ ደግሞ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ይቆማል። ይህን ያህል ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ቆሞ መዘመር የሚቻለው ድካሙ ለሁሉም ስለሚዳረስ ነው። መዘምራንን የመምራት ጥበብም ዋና ነገሩ ይኸው ነው፤ መሪ ድካምን የሚያካፍል ሰው ነው።

ድካሙን የሚያይ ሰው ሲጠፋ የሚሆነውን ትውፊቱ በአንድ ታሪክ ያስታውሳል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ሲፈስ አንዳቸውም አላወቁም ይባላል። ታሪኩ የሚነገረው የዜማውን ኃይል ለመመስከር ነው። ለመሪ ግን ሌላም ነገር ይነግረዋል፦ የተመሰጠ ዘማሪ ሕመሙ አይሰማውም፣ የተመሰጠ አድማጭም አያይለትም። ስለዚህ ከመካከላቸው አንድ ሰው ዐይኑን ገልጦ መጠበቅ አለበት።

የማኅሌቱ ሥርዓት ይህን ጥበቃ በውስጡ ይዟል። ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለበትም፣ ድምፅ ብቻ ነው። በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ በመጨረሻ ጽፋቱ ጭብጨባውን አስከትሎ ይፈጥናል። ጉሮሮውም ጉልበቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ይሟሟቃል። ያው መቋሚያ፣ የዜማ መሣሪያነቱ ለጊዜው ሲያበቃ፣ የአረጋዊውን ሊቅ ወገብ ያሳርፋል። ዐዋቂ መሪጌታም ድምፁ የሻከረውን ከፊት አያቆምም፤ ከበሮ ያነገተው ወጣት ትከሻው ሲዝል ካየ በጥቅሻ በሌላ ይተካዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኳየሮች አባሎቻቸው ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ወደ ጥናት የሚመጡት ቀኑን ሲናገሩ ውለው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ አንዳንዴም ሳይበሉ ነው። እዚህ ሥርዓቱ ራሱ የሚሸከመው ነገር ጥቂት በመሆኑ መሪው ስለ ድምፅ አሠራር ማወቅ ይኖርበታል። ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ስስ እጥፋቶች ሲርገበገቡ ነው፤ ሶፕራኖዎች 440 ኸርዝ የሆነውን የመቃኛ ድምፅ ሲያወጡ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይነካካሉ። ሲደርቁና ሲያብጡ ድምፁ ይጎረንናል። የሚጠጣ ውኃ እጥፋቶቹን በቀጥታ አይነካቸውም፤ የሚደርሳቸው በደም በኩል፣ ዘግይቶ ነው። ሊዘምሩ ሲሉ የሚጎነጩት ስለማይበቃ የጿሚ ዘማሪ ውኃ የሚጠጣው በዋዜማው ማታ ነው፤ በዐቢይ ጾም ቀትር ላይ የሚደረግ ጥናትም በለሆሳስ ቢሆን ይሻላል። ድምፁ መለወጥ የጀመረ ወንድ ልጅ ትናንት የደረሰበት ከፍታ ዛሬ ቢከዳው ጥፋት የለበትም፤ መሪው ወደሚመቸው ድምፅ ያዛውረዋል እንጂ በጓደኞቹ ፊት አያሳፍረውም።

ብዙ ጉሮሮ የሚጎዳው ራስን ለመስማት በሚደረግ ትግል ነው። የፈረንሳዩ ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው ጫጫታ ሲከበው ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኪቦርዱና ከበሮው ጎልተው የድምፅ ማጉያው ወደ ምእመናኑ ብቻ ሲዞር መዘምራኑ ሳይታወቃቸው ይጮኻሉ። ያኔ «ድምፃችሁን ቀንሱ» ማለት ብዙ አይረዳም፤ መሣሪያውን መቀነስና አንዱን ማጉያ ወደ መዘምራኑ ማዞር ይረዳል።

ትንፋሽም የመሪው ኃላፊነት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለክተው ነበር። ዝግ ያለ መዝሙር ሲዘምሩ ትንፋሻቸው ከሐረጎቹ ጋር ገጠመ፤ የልብ ምታቸውም አብሮ ይፈጥንና ይዘገይ ጀመር። እንግዲህ መሪው አንዱን ሐረግ ሲያስረዝም የሁሉንም ትንፋሽ ያስረዝማል ማለት ነው። አስም ላለበት ወይም ለነፍሰ ጡር ይህ ይከብዳል። መፍትሔው በተለያየ ቦታ መተንፈስ ነው፤ አንዷ አየር ስትስብ ጎረቤቷ ድምፁን ትይዝላታለች፣ ሰሚውም ክፍተቱን አያውቀውም። ለዚህ ግን ዘማሪዎቹ «እኔ ካቋረጥኩ ይሰበራል» ከሚል ፍርሃት መላቀቅ አለባቸው። ስሕተት በየጥናቱ በስም እየተጠራ በሚነቀፍበት ቦታ ማንም ደፍሮ አይተነፍስም።

ከጥናት የቀረ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚመዘገበው ቀሪነቱ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን መጠየቁ ነው። ሁለት ጊዜ የቀረችው ምናልባት አስታማሚ ሆና ይሆናል፣ ምናልባትም ከአልቶዎቹ አንዷ አስቀይማት ይሆናል። ለሐዘን የተቀመጠ ዘማሪ ጓደኞቹ መጥተው ሲያጽናኑት ቶሎ ይመለሳል። ለሳምንታት ያልለቀቀ የድምፅ መጎርነን ደግሞ በዝንጅብልና በማር አይታለፍም፤ ዘማሪውን ወደ ሐኪም መላክ ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው መሪው ራሱ ነው። በብዙ ኅብረቶች አንድ ሰው ግጥሙን ይጽፋል፣ ዜማውን ይሠራል፣ ያስጠናል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ የልብስ መግዣውን ይሰበስባል። የሌላውን ድካም ሲያካፍል የራሱን የሚያካፍልለት ከሌለ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። ማኅሌቱ መሪጌታን ብቻውን አላቆመውም፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ሰጥቶታል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም የኳየሩ መሪም ምክትል ማሠልጠን ያለበት ጤነኛ ሳለ ነው። መሪው ታሞ በቀረበት እሑድ መዝሙሩ ሳይጓደል ከቀረበ ሥራው በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው።