ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ያለው ማነው?

ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በ94 አካባቢ ነው የሚፈላው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ላብ ገብተን ቴርሞሜትሩን የፈላ ውሃ ውስጥ በከተትን ቁጥር "ቲቸር ይሄ ተበላሽቷል" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አልተበላሸም። የቆምነው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ወደ 92 ይወርዳል። እናቶቻችን ደጋ ላይ ባቄላ ሲቀቅሉ እንጨት የሚፈጁትም ለዚሁ ነው።

ይሄ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል የሚመስላችሁ ካላችሁ የሰሞኑን ልንገራችሁ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ይማራል። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ኮመንት ላይ ብቅ ካለ ግን አልከለክለውም። ማታ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ልምምድ የሚያደርጉበት አንዲት ባለ ፒስተን ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ሽቅብ ስትወጣ የዘይቷ ሙቀት 116 ዲግሪ ይደርሳል። የብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ቀይ መስመር 118 ነው። የዘይቱን መጠን አይተዋል፣ ሙሉ ነው። ጌጁንም ፈትሸዋል። "ቲቸር፣ ሴንሰሩን ፈትተን የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትነው፤ ልክ 100 አነበበ። ስለዚህ ጌጁ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው" አለኝ። ሞተሩ ይውረድ የሚል ሁሉ ነበር።

እኔ አውሮፕላን ጠግኜ አላውቅም። ግን "አዲስ አበባ" እና "ልክ 100" የሚሉትን አንድ ላይ ስሰማ ሳቄ መጣ። እዚያ ከተማ ውስጥ የፈላ ውሃን 100 ብሎ የሚያነብ መሣሪያ እኮ 8 ዲግሪ እየጨመረ ነው! 92 ቢያነብ ነበር ጤነኛ የምንለው። መጽሐፉ 100 የሚለው የባሕር ዳርቻን ይዞ ነው። ባሕር ዳርን አይደለም፣ የእውነቱን ባሕር።

"አሁን የምታምነውን የመስታወት ቴርሞሜትር እዚያው ድስት ውስጥ ጨምር፤ ሁለቱን አወዳድር" አልኩት። በማግስቱ ፎቶ ላከ፤ መስታወቱ 92፣ ጌጁ 100። ስለዚህ ያ 116 በእውነቱ 108 አካባቢ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን "በቃ፣ ሴንሰር ነው" ብለን ብንተኛ ጥሩ አልነበረም። 108ም ቢሆን ሽቅብ ለሚወጣ ሞተር ሞቅ ያለ ነው። ዘይት ስራው ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ በአየር ከሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ብረትና ብረት ይገናኛሉ። ለዚህ ነው አብራሪዎች ሁለቱን ጌጆች አብረው የሚያዩት። ሙቀቱ ወጥቶ ግፊቱ ከወረደ ቀልድ የለም፣ ቶሎ ማረፍ ነው። ሙቀቱ ወጥቶ ግፊቱ ካልተነቃነቀ ጌጁ ራሱ ሊጠረጠር ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ቅርብ ያለው ማረፊያ ይፈለጋል እንጂ "ይዋሻል" ተብሎ መንገድ አይቀጠልም። የእነሱ ግፊት አልወረደም ነበር።

ታዲያ 108 ለምን? ጣና ላይ ወደ ዘጌ የሚወስዷችሁን ጀልባዎች አስቡ። ከጀልባው ኋላ የተንጠለጠለው ሞተር የሐይቁን ውሃ እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው። ጎበዝ ባለጀልባ ከሞተሩ ጎን የምትወጣዋን ቀጭን ውሃ ሳያይ አይሄድም። እምቦጭ መሳቢያውን ከያዘው ያቺ ውሃ ትጠፋለች፣ ሞተሩም ይግላል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ማቀዝቀዣው አልደረሰውም።

ለትንሿ አውሮፕላን ሐይቋ አየሩ ነው። እኛ አገር ደግሞ ይሄ ሐይቅ ስስ ነው። ባሕር ዳር ላይ በሞቃት ቀትር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። አዲስ አበባም ያው ነው። (በ1928 አዲስ አበባ ተሰርታ፣ ከጣሊያን በ2016 ጥር የተመለሰችው "ፀሐይ"ም ሰባት ሲሊንደሯን በዚሁ ስስ አየር ነበር የምታቀዘቅዘው። ይሄን ሳስብ ይገርመኛል።) ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ይሰራል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ኮፈኑ የሚገባው ነፋስ ያንሳል። አብራሪው አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሞተሩን ከማውረድ በፊት የነፋሱን መንገድ ተከተል አልኩት። የዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ሣር ወይም ነፍሳት ተጣብቀው ይሆን? ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹና ወደ ማቀዝቀዣው የሚመሩት ቆርቆሮዎች ጠርዝ ላይ ያለው ጎማስ ኮፈኑን በደንብ ይነካል? ቀዳዳ ካለ ነፋሱ በዚያ ሾልኮ ያመልጣል፤ እሱም እንደ ሰው ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ነው፤ 85 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቋራጩን ዘግቶ ዘይቱን በማቀዝቀዣው በኩል መስደድ አለበት፣ በደንብ ካልዘጋ የተወሰነው ዘይት ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከዚያ ነው ወደ ፒስተን ሪንግ የሚኬደው። ሪንግ ካለቀ የሚነድ ጋዝ ወደ ታች እየሾለከ ዘይቱን ያሞቀዋል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ዘይት በመጉደልም ራሱን ያሳብቃል። የእነሱ ደግሞ አልጎደለም።

ትናንት መልስ መጣ። በግራ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ጎማ ደርቆ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ነፋሱ በዚያ ይወጣ ነበር። ጎማውም ሴንሰሩም ተቀየሩ፤ አዲሱ ሴንሰር መጀመሪያ ድስት ውስጥ ገብቶ 92 አንብቧል። ሽቅብ ሲወጣ አሁን 98 ላይ ይቆማል አለኝ። ሞተሩ አልወረደም።