ጋዜጣ የለበሰው ቤታችን

በእኛ አገር ጋዜጣ ቶሎ አያረጅም ነበር። አዲስ አበባ ታትሞ፣ ጅማንና በደሌን አቋርጦ፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መቱ የገባው «አዲስ ዘመን» ወደ እኛ ወደ ዳሪሙ የሚዘልቀው ዜናው ከበረደ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ሰው ያንብበው ተብሎ ሳይሆን ስኳር ተቋጥሮበት ወይም ብርጭቆ እንዳይሰበር ተጠቅልሎበት ነው። እናቴ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጣ፣ የቀረውን ቅንጣት አራግፋ፣ ወረቀቱን በመዳፏ እየደባበሰች ታቃናውና ፍራሽ ሥር ታስገባዋለች። እዚያው ተኝቶ መስከረምን ይጠብቃል።

መስከረም ሲጠባ ቤት ይታደሳል። ክረምቱ የላጠው ግድግዳ በጭድና በእበት ጭቃ ይለሰንና ሲደርቅ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ማጣበቂያው ከፉርኖ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ገንፎ ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ እኔና እህቴ በጣታችን እየነካካን ስንልሰው እማዬ «ግድግዳው ጦሙን ሊያድር ነው!» ትለናለች። አዲሱ ጋዜጣ የሚለጠፈው በአምናው ላይ፣ የአምናው ደግሞ በካቻምናው ላይ ስለነበር ግድግዳችን ዓመት በዓመት እየወፈረ ሄደ። የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሚያዝያ ላይ ከያዘ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚለቅ አይመስልም። እርጥበቱ ሲበረታ ወረቀቱ ይነፋል፣ በበጋ ተኮማትሮ ጠብ ጠብ ይላል፤ ማታ ከጀርባው አይጥ ስትሮጥ ደግሞ የሚኒስትሮቹ ፎቶግራፍ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ይመስለን ነበር።

ማንበብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ፊደሉን አስቆጠረኝ፤ ከፊደል ወደ ነገር ያሻገረኝ ግን ግድግዳው ነው። እማዬ ስትለጥፍ የምታየው ክፍተቱን እንጂ ጽሑፉን ስላልነበር አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ፣ አንዳንዱ በጎኑ ተጋድሞ ይለጠፋል፤ እኛም እንደ አለጣጠፉ አንገታችንን እየጠመዘዝን እናነባለን። ዛሬም ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲገልጥ የተዘቀዘቀውን አንብቤ እጨርስለታለሁ፤ ጠባዩ ደስ የሚል አይደለም፣ ግን አለቀቀኝም። ከአልጋዬ በላይ ደግሞ አንድ ተረክ ነበር፦ አንዲት ልጅ በሌሊት ከቤቷ ወጥታ መኪና መንገድ ዳር ቆማለች፣ ከሩቅ የመኪና መብራት ይታያታል፤ ከዚያ በታች «ወደ ገጽ 5 ይዞራል» ይላል። ገጽ 5 ከጀርባው ነው፤ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። መኪናውን ማን እንደሚነዳው ለማወቅ የነበረኝን ጉጉት ዛሬ ለየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። እህቴ ግን አልጨነቃትም፤ ኩራዙ ሲጠፋ በጨለማ ውስጥ ፍጻሜውን ትሠራልኛለች። አንድ ሌሊት ሹፌሩ አባቷ ይሆናል፣ በሌላው ሌሊት ቡና የጫነ ነጋዴ፤ እኔን ልታስፈራራ ስትፈልግ ደግሞ መኪናው ሹፌር አይኖረውም።

ጋዜጣውን እንዲህ ካነሣሁ ሌላውን ማንሳት የግድ ነው፤ በዚያ ቤት አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚያበቃ ዕቃ አልነበረምና። ከኅብረት ሱቅ የምንገዛው ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ስኳርና አልፎ አልፎ ሳሙና ነው። ሳሙናው ሲያልቅ እንዶድ አለ፤ ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ በውሃ ሲታሽ አረፋው ግጥም ይላል፣ ነጠላ ሲታጠብበት አፍንጫ የሚኮረኩር ሽታው ወንዙን ያውደዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እኮ በ1950ዎቹ መጨረሻ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም ያሳዩት። የእኛ እናቶች ይህን ባይሰሙም ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ማየት አይወዱም ነበር። ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ቅጠሉ ሲላጥ የዳቦው ጀርባ ላይ የጅማቱ መስመር ታትሞ ይቀራል፣ ቅጠሉም ለከብት ይሰጣል። አመዱ ለጓሮው፣ የቆረቆንዳው እሳት ለጀበናው፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳኑ ይበሳና የጥጥ ክር ይገባበታል፣ ኩራዝ ይሆናል። የሬዲዮ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ አንድ ሁለት ማታ ዜና ያሰማል። ጨርሶ ሲሞት ለእኛ ለተማሪዎቹ ነው፤ በድንጋይ ፈልጠን፣ ጥቁሩን ዱቄት አውጥተን፣ ከቅጠል ጭማቂ ጋር አሽተን ሰሌዳ እንቀባበታለን። ያን ቀን ከሰሌዳው ይልቅ እኛ እንጠቁራለን፤ እማዬም እጃችንን በአመድ እየፈተገች «ተምረው መጡ» ትላለች።

አሁን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስኖር፣ ከሱቅ ሽንኩርት ይዤ ስገባ ፌስታሉ ከሽንኩርቱ ይበልጣል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በምክር ቤት ሲጸድቅ ሰፈርተኛው «ታዲያ በምን እንያዝ?» ሲል ሰማሁና እማዬ ገበያ የምትወስደው፣ ጆሮው በቆዳ የተጠገነ ዘንቢል ትዝ አለኝ። ያ ዘንቢል እኔ ሳልወለድ ነበረ፤ መቱ ለትምህርት ስሄድም ልብሴን የያዝኩት በእሱ ነው።

ስለ ኩራዝ ያነሣሁትን አልጨረስኩም። የያኔው ትልቁ መጽሐፍ አሳታሚ ስሙ «ኩራዝ» ነበር፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት። እኔ ልጅ ሆኜ ያ ስም ለቀልድ አይመስለኝም ነበር፤ መጽሐፍ ማለት በኩራዝ የሚነበብ ነገር ነውና ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ጢሱ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ ጠጋ ስንል ግንባር ላይ ያለው ፀጉር ቸስ ይልና ይሸታል፣ እማዬ ከጓዳ «ማን ነው የተቃጠለው?» ትላለች። መንደራችንን የዞረው «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ልባሱ ጠፍቶ በማዳበሪያ ከረጢት ጨርቅ ተሰፍቶ ነበር። መምህራን፣ የጤና ረዳቱ፣ ቡና መዛኙ ሁሉም በተራ ያነቡታል፤ ተራ የደረሰው ሰው ሲያነብ ደግሞ ቤቱ ሰው ይሞላል። ዳር ዳሩ ላይ የቡና ጠብታ አለ፣ የበርበሬ ጣት አለ፣ አንድ ገጽ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እንባ የመሰለ ነገር አለ፤ እህቴ ወጥ ነው ትላለች። በኋላ በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማን ሰዎች፣ ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ድምፅ ሲመጣ፣ ቀድመን በምናባችን ከሰማነው ጋር እየተከራከርን ነበር። ባትሪው ልክ ነገሩ ሲጥም ይዳከማል፤ ያኔ በጭቃ ውስጥ ወደ ጎረቤት ሬዲዮ እንሮጣለን፣ ስንደርስም የምናገኘው የመዝጊያውን ሙዚቃ ነው።

የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሱ በጠላት ወረራ ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ዘምቶ፣ ተማርኮም ወደ ጣሊያን አገር የተጋዘ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ከመማረካቸው በፊት መቀመጫቸውን ያደረጉት ጎሬ ነበር፤ ከእኛ ብዙ የማትርቀው፣ ያኔ የኢሉባቦር ከተማ የነበረችው ጎሬ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የእኛን ጫካ ሳስብ ከዛፎቹ መሐል የበዛብህን ደራሲ አየዋለሁ።

ጫካው ደግሞ ጫካ ነበር። ከላይ ቀረሮውና ዋንዛው፣ ከሥር ቡናው፤ ማንም አልተከለውም፣ ማንም ግን ባለቤት የለውም አይልም። ጥቅምት ሲገባ ቀዩ ፍሬ ይለቀማል፣ ደጅ ይሰጣል፣ ዶሮ ይጠበቃል፤ እኔ ከዶሮ ጥበቃው ይልቅ ንባቡን ስለምመርጥ ዶሮዎቹ በጣም ይወዱኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቡና ቀላ ይቀርባል፤ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰው ቡና ጥርስ ሥር ሲፈነዳ ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማል። ከመቱ በስተምሥራቅ ያለው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዜናውን የሰማሁት አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰውዬ «እኛ ጋም እንዲህ ነው» አልኩት፣ እሱ ግን ሳንቲም እየቆጠረ ነበር።

የጫካው ጌታ ልጆቹ ሁላችን «አካኮ» የምንላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ቀፎ የሚሠሩት ከሐረግ ጠፍረው፣ በቅጠል ደርበው ነው፤ ንቡ እንዲገባላቸውም ጥሩ መዓዛ ባላቸው ቅጠላ ቅጠሎች ያጥኑታል፤ ሽታው ኮታቸው ውስጥ ገብቶ ስለቀረ አካኮ በመንገድ ሲያልፉ ሳናያቸው እናውቃቸዋለን። ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት በገመድ ወጥተው ነው። የገተማ አበባ አልፎ ማሩ ሲደርስ በሌሊት፣ ጢስ ይዘው፣ ለንቡ በኦሮምኛ እያንጎራጎሩ ይወጣሉ። ነጩን ማር በቅል ይዘው ሲመለሱ የመጀመሪያዋን እንጀራ የምታህል ሰፈፍ ለልጆች ይቆርሳሉ። ሁሉንም ግን አይቆርጡም፤ ለንቡ ይተዋሉ፤ «ቤቱን ካፈረስኩበት ምን ብሎ ይመለሳል?» ይላሉ።

አካኮ ማንበብ የተማሩት ሸምግለው ነው። ሐምሌ 1971 ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀምሮ፣ በስተኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በግዕዝ ፊደል በኦሮምኛ ተማሩ፤ ከኩራዙ ጎን ያጎነበሰው ያ ሁሉ ሽበት ዛሬም ይታየኛል። አካኮ «ሀ ሁ»ን ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። የምስክር ወረቀታቸውን ከቀፎው መሣሪያ ጋር ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ንባብ ቤት የመጣውን ትንሽ ትንሽ መጽሐፍ ሁሉ ያነባሉ፤ ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ። በአንዱም ላይ ክርክር አላነሱም፣ ጉድጓዱንም ቆፈሩ።

ስለ ዘመናዊ ንብ ርባታ የሚለው ሲመጣ ግን ነገር ተበላሸ። ቀፎውን ሣጥን አድርጎ ከቤት አጠገብ፣ ቆጥ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ማኖር ነው ይላል፤ ጉንዳን እንዳይወጣም የቆጡን እግር አመድ ያልብሱት ይላል። አካኮ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እየጎተቱ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ሦስተኛ እኔን አስነበቡኝ። ከዚያ ደብተሬን አስወጡኝና እሳቸው በኦሮምኛ እየነገሩኝ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለጻፈው ሰው ደብዳቤ ጻፍን፤ የቀፎ ዛፍ አመራረጥ፣ የገመዱ አጣጣል፣ ንብ የሚወደው ማጠኛ፣ ለንቡ የሚተወው ማር ልክ፣ አራት ገጽ ሙሉ። ፖስታ ስላልነበረን ከደብተሩ ልባስ አጥፈን በዱቄት ሙጫ ለጠፍነው፣ መቱ የሚሄድ ሰው እስኪገኝም አካኮ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ዋሉ። መንገደኛው በቅሎውን ጭኖ ሲነሣ ግን «ቆይ!» ብለው አስቆሙት፤ ከፍተው ወደ እኔ አዙረውት፣ ከታች የቀረችውን ባዶ ቦታ በጣታቸው እያሳዩ፦

«አንድ ነገር ረሳን። ጉንዳኑስ ይህን መጽሐፍ አንብቧል ወይ ብለህ ጨምርበት።»