በአንበሳው ጉንጭ ላይ ያለች መስመር

ያን ቅዳሜ መርካቶ የሄድኩት አባዬን የሱቁን ቁልፍ ልጠይቀው ነበር። እኔና ወንድሜ "ማን ይንገረው?" እየተባባልን ሁለት ወር ፈጅተናል። በሁለቱ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መቶ ብር መመለስ ሲገባው ሁለት መቶ ሰጥቷል። አንዷ ደንበኛ ከደጅ ተመልሳ አስረከበችው፤ ሌላው አልተመለሰም። ዓይኑ እየደከመ ነው። እሱ ግን "መብራቱ ነው" ይላል።

ሱቁ ሲኒማ ራስ አካባቢ ነው፤ ክር፣ መርፌና ዚፕ ይሸጣል። ስደርስ ከጣሳው ሳንቲሞቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

"ነይ እስቲ፣ ይቺን እዪ" አለኝ።

የአንድ ብር ሳንቲም ናት። ከጠርዙ ተነስታ በአንበሳው ጉንጭ ላይ የምታልፍ ቀጭን መስመር አለች።

"ተጭራለች" አልኩት።

"በዓይንሽ አትፍረጂ። በጥፍርሽ ሂጂባት።"

ጥፍሬን ሳሳልፍ መስመሯ አልጎደጎደችም፤ ከፍ ብላ ያዘችኝ። ለካ እኔ ያላየሁትን እሱ በጣቱ አግኝቶታል። ቁልፉን ሳልጠይቅ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በሳምንቱ አነበብኩ። ሳንቲም የሚሠራው ለስላሳ ክብ ብረት በሁለት ጠንካራ የብረት ማኅተሞች መሀል ተጨፍልቆ ነው። ማኅተሙ ብዙ ከመታ በኋላ ይደክምና ይሰነጠቃል። ሲመታ የሳንቲሙ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ማኅተሙ ላይ ስንጥቅ የሆነው ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በሰው እጅ የመጣ ጭረት ግን ይጎደጉዳል። ፊደል ብቻውን ደብዝዞ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ደግሞ ማኅተሙ ውስጥ ቅባት ወይም ቆሻሻ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ሳንቲም ግን ጎልቶ የወጣው ሁሉ ነው የሚያልቀው። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት መስመር በአንድ ቦታ ካላቸው የአንድ ማኅተም ልጆች ናቸው።

"ስህተት ያለበት ሳንቲም በብዙ ሺህ ብር እንገዛለን" የሚሉም ስልኬ ላይ መጡ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለች ትንሽ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንቲሙ ዋጋ ብዙም አትጨምርም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። "እኛ ልጆች ሆነን ስሙኒ ዙሪያዋ እንደ አበባ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። 1936 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸባት የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ መጠኗም ከብሩ ሽልንግ ጋር አንድ ዓይነት። ሰው መዳቡን እያነጣ በሽልንግ ዋጋ ሲያሳልፋት ጊዜ ጠርዟ እንዲሸነሸን ተደረገ። "በጨለማም ትለያታለሽ" አለ፣ አሁንም እጁ ላይ ያለች ይመስል ጣቶቹን እያፋተገ።

እኔም ያነበብኩትን ላሳየው ቸኮልኩ። 1969 ዓ.ም. በሚሉት ሳንቲሞች ላይ የአንበሳው የአገጭ ፀጉር ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንዱ እኩል ሲሆን በሌላው በግራ በኩል ሁለቱ ይረዝማሉ። ይህ ጉድለት ሳይሆን ከተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ስለወጡ ነው። ሁለት ሳንቲሞች ከማጉያ መነጽር ጋር አቀበልኩት።

በጣቱ ዳሰሳቸው። ማጉያውን አስጠጋ፣ አራቀ፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። ሞኝነቴ የገባኝ ያኔ ነው፤ ፀጉሩ በጣት የሚያዝ አይደለም።

"ሁለቱም አንድ ናቸው" አለ።

ዝም አልኩ። እሱም ዝምታዬን ሰማው መሰለኝ፣ ማጉያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

አንዲት እናት ጥቁር ክር ጠይቀው ሁለት መቶ ብር ዘረጉ። አባዬ ብሩን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋና ሳይናገር ለእኔ አቀበለኝ። መልሱን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ሲወጡ "ብሩን እናንተ ቁጠሩ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ። "ሳንቲሙን ግን ለእኔ ተዉልኝ።"

ከማክሰኞ ጀምሮ ወንድሜ አብሮት ይውላል። የብሩ መሳቢያ በእሱ በኩል ነው፤ ጣሳው በአባዬ በኩል። የአንበሳው ጉንጭ የተሰነጠቀባትን ሳንቲም ለብቻዋ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጧታል፤ እህቷን እየፈለገላት ነው።