የእናቴ ቡታጋዝና የጠላቂው ሬጉሌተር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቤታችሁ፣ በተለይ እናታችሁ ቤት፣ ቡታጋዝ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ወልቂጤ ክፍል ውስጥ ስለ ፈሳሽ ግፊት እያስተማርኩ ሃረ ሸይጣንን ምሳሌ አደረግሁ። የቡታጅራ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ስልጤ ዞን ውስጥ ያለው፣ ዙሪያውን ገደል የሆነው ሐይቅ። ከአፋፉ ድንጋይ ወርውሮ ውሃው ላይ የሚያደርስ የለም ይባላል። እኔም ልጅ ሆኜ ትከሻዬን እስኪያመኝ ወርውሬያለሁ። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ እዚያ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው እንዴት ይተነፍሳል?»

ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በላው። ጠላቂው ጀርባው ላይ በሚሸከመው ሲሊንደር ውስጥ አየሩ እስከ 200 ባር ገደማ ታምቋል። የመኪና ጎማ እኮ ሁለት ባር ተኩል ቢይዝ ነው! ያንን የሚችል ሳንባ የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ሬጉሌተር ይገባል። ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ግፊቱን ከዙሪያው ውሃ 10 ባር ገደማ ብቻ ከፍ እንዲል አድርጎ ያወርደዋል። አፍ ውስጥ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከውሃው ግፊት ጋር እኩል ያደርገዋል። ሰውየው አየር ሲስብ ዲያፍራም የምትባል ስስ ጎማ ወደ ውስጥ ትጎብጥና ቫልቩን ትከፍታለች፤ መሳቡን ሲያቆም ቫልቩ ይዘጋል።

«የትኛው ይገዛል?» አሉኝ። ጥልቀት ላይ ሲሆኑ እንደ ላይኛው ሳያስቸግር አየር የሚሰጥ፣ ከሲሊንደሩ ቫልቭ ጋር የሚገጥም፣ አገር ውስጥ መለዋወጫና የሚፈታው ባለሙያ ያለው። ከገዙት በኋላ ደግሞ እንክብካቤ አለው። ከዋና በኋላ የአየር መግቢያው ክዳን ተደርቆ ይዘጋል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ደህና እየሠራ ቢሆንም አምራቹ ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ተፈትቶ ጎሚኒዎቹ ይቀየራሉ። ሲስስስ የሚል ድምፅ እየሰማ የሚጠልቅ ሰው የለም።

ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ሬጉሌተር የቡታጋዟ አይደለችም እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጁ ግን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የጠላቂውን ሬጉሌተር ሲሠሩ፣ መነሻቸው ጋኛን ለመኪና ያዘጋጀው የጋዝ ሬጉሌተር ነበር። በጦርነቱ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናዎች በጋዝ ይነዱ ነበር። የቡታጋዟም ሥራ ያው ነው፦ የሲሊንደሩን ግፊት ወደ 30 ሚሊባር ገደማ አውርዳ ለምድጃው ትሰጣለች። እሷም ዲያፍራም አላት።

ይህንን እያስረዳሁ የእናቴ ማድቤት ፊቴ ላይ መጣ።

ዓምና ለመስቀል ቡታጅራ ስገባ ከጭስ ትገላገል ብዬ ምድጃና ሲሊንደር ገዛሁላት። ባለሱቁ ሁለት ሬጉሌተር አሳየኝ፤ «ያው ብረት ነው» ብዬ ርካሹን ወሰድኩ። በደንብ አልገጠመም። በፕላስቲክ ጠቅልዬ በጉልበት አጠበቅሁት። ከወር በኋላ እናቴ ወደ እንጨቷ ተመለሰች። ስጠይቃት «ሽታው ራሴን ያመኛል» አለችኝ። ምን ብላት ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ጋዝ መቼም ይሸታል፣ ትለምጂዋለሽ።» ይህን ያልኩት የፊዚክስ መምህሩ ነኝ። ለጓደኞቼም «እናቴ ሥልጣኔ እምቢ አለች» ብዬ አስቄያለሁ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሳሙና በውሃ በጥብጬ መጋጠሚያው ላይ ቀባሁና ሲሊንደሩን ከፈትኩ። አረፋው ተነፋ። ጎማው ጫፍ ላይም እንደዚሁ። ቡና የምታፈላበት የከሰል ምድጃ ከዚያ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ይህ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንድናውቅ ተብሎ ነው ሽታ የሚጨመርበት። እናቴ የነገረችኝ እሱን ነበር።

እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ «ለዚህ እኮ ነው ማታ ማታ በረንዳ የማወጣው» አለችኝ። ያንን ከባድ ሲሊንደር በዚያ ጉልበቷ! ለምን አልነገርሽኝም ልል ብዬ ተውኩት። ነግራኛለች።

አሁን ትክክለኛው ሬጉሌተርና አዲስ ጎማ ተገጥሟል። ከእኔ ጥፋት ይህን ውሰዱ፦

ሬጉሌተር ስትገዙ የሲሊንደራችሁን ቫልቭ ዓይነት አውቃችሁ ሂዱ፤ አይነቱ ብዙ ነው። ተገፍቶና ተጠቅልሎ የሚገጥም ከሆነ የእናንተ አይደለም።

ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ጎሚኒ እዩ፤ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። በክብሪት የሚፈትሽ አለ፣ ኧረ በፈጣሪ!

የተሰነጣጠቀ ወይም የደረቀ ጎማ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይቁም፣ አይጋደም። አብስላችሁ ስትጨርሱ ከሲሊንደሩ ዝጉ።

ከሸተታችሁ እሳት ካለ አጥፉ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለዚያ ልጅ «ልክ ነበርክ» አልኩት። ለሁሉም የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ቡታጋዝ ያለው ቤት ከወላጅ ጋር ሆኖ በሳሙና ይፈትሽ። በማግሥቱ ሦስት ልጆች «ቲቸር፣ አረፋ አየን» ብለው መጡ።

ሦስት ቤት።

እናንተም ዛሬ ደውሉ። እናታችሁ «ይሸተኛል» ካለች ትለምጂዋለሽ አትበሏት።