አረንጓዴው ቁጥር

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከሆላንድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ ነበረው። ጅማ መርካቶ፣ እናቴ ሱቅ በር ላይ ሲዘረጋው የቡና ነጋዴዎቹ ቡና ማስጫ ሸራ መስሏቸው ዋጋ ጠየቁት። ካይት ነው። 12 ካሬ ሜትር። ነፋስ ሲሞላው፣ ሰሌዳ ላይ የቆመን ሰው ውሃ ላይ እየጎተተ ይወስዳል።

«ጊቤ ላይ ልሞክረው ነው። አንተ ኮምፒውተሩን ታውቅበት የለ፣ ነፋሱን ንገረኝ» አለኝ።

ጊቤ ያለው ከግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ጀርባ የተኛውን ሐይቅ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ማለት ነው፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መንገዳችን ላይ ነው። እኔም ለማን ላንስ፣ በሁለት ሌሊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጂኤፍኤስ ከሚባለው የአሜሪካኖች ሞዴል በነፃ የሚለቀቀውን ትንበያ ይወስድና ቁጥሩን በቀለም ያሳያል። ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት «በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር» አለ። በአረንጓዴ። አረንጓዴውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሚያምር ስለመሰለኝ ብቻ።

ዳር ላይ ጀልባውን የሚያስር አሳ አጥማጅ ነበር። በስተምሥራቅ የጠቆረውን ደመና በአገጩ እያሳየ «ቡቤ ይመጣል» አለን። ኦሮምኛው ለአክስቴ ልጅ አልገባውም፤ ለእኔ ገብቶኛል። ስልኬን አየሁ። አረንጓዴ ነው። «ግዴለም ጋሼ» አልኩት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን ነካን፣ ከዚያ ውሃው ጠቆረ፣ ከዚያ ካይቱ ልጁን አንስቶ ድንጋዩ ላይ ጎተተው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚጎትተው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። መልቀቂያውን ስቦ ባይገላገል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ክንዱ ተሰበረ። አክስቴ እስከ ዛሬ «ሰላም ነህ?» ከማለት አልፋ አታናግረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው የማስበውን ያሰብኩት። ከዚያ ሞዴል የማወርደው መረጃ በየ28 ኪሎ ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው። ሐይቁ ደግሞ ስፋቱ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በሸለቆው ውስጥ እየተጠማዘዘ የተዘረጋ። በሁለት ነጥቦች መካከል ሊጠፋ ይችላል። ቀን ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰውን፣ ማታ የሚገለበጠውን ነፋስ እንዲህ ያለ ቁጥር አይነግርህም። የዚያን ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ መንገድ ላይ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ መሬት ላይ እንደተደፋ ውሃ ይሰራጫል። ፊታችንን የነካን እሱ ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር የምታክል ደመና ናት ይህን የምታደርገው። በበልግ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብርቅ አይደለችም።

ሞዴሉን አልወቅስም። እሱ አማካይ ነው የሰጠኝ። አማካዩን ቀለም ቀብቼ ቃል ኪዳን ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።

አሳ አጥማጁን ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና ሻይ አዘዘልኝ። አሁን ማታ ማታ እደውልለታለሁ፤ ነፋሱ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ከየት እንደመጣ፣ ጀልባ ያስገባ እንደሆነ ይነግረኛል፣ እኔ ከትንበያው ጎን እጽፋለሁ። አራት ወር ሆነን። እሱም ይሳሳታል፣ በተለይ ደመና በሌለበት ቀን፤ ጠዋት የሚነሳውን ነፋስ ፕሮግራሜ ይበልጠዋል። ከሰዓት በኋላ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ በበልግ ከስምንት ሰዓት በኋላ አረንጓዴውን አጥፍቼ ግራጫ አደረግኩት፤ «ሰማዩን እይ» ይላል። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «ታዲያ አፑ ምን ይሠራል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሆላንድ መልእክት መጣ። ካይቱ ተሰፍቷል፣ ክንዱም ድኗል፣ ለሚቀጥለው ፋሲካ ትኬት እያየ ነው። «ነፋሱስ?» ይላል። አሳ አጥማጁን ጠይቄ እመልስልሃለሁ አልኩት።