በትንሹ ፊደል የሚጻፈው ተጫዋች

አንባቢዬ ሆይ፤ የጋዜጣውን የእግር ኳስ ገጽ ስትገልጥ ዓይንህ የሚያርፈው በትልቁ ፊደል ላይ መሆኑን ዐውቃለሁ። ጊዮርጊስ እንዲህ አደረገ፤ ቡና እንዲያ ሆነ። ከሥር ግን የከፍተኛ ሊግና የአንደኛ ሊግ ውጤት በትንሹ ፊደል ተደርድሯል። (ከፍተኛ መባሉ አያታልልህ፤ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ነው።) ላጫውትህ የፈለግሁት በዚያ በትንሹ ፊደል ውስጥ ስለሚኖረው ሰው ነው።

እኔ የላስታ ሰው ነኝ። በአገሬ ኳስ ከማግኘት ይልቅ ሜዳ ማግኘት ይከብዳል። ምድሩ ተራራና ገደል ስለ ሆነ በልጅነታችን የምንጫወተው እህሉ ተወቅቶ በገባበት አውድማ ላይ ነበር። የጨርቋ ኳስ ከአውድማው ጠርዝ ወደ ታች ከተንከባለለች ጨዋታው ይቆማል፤ የለጋት ራሱ ወርዶ ያመጣታል። ሕጉ ይኸው ነበር። ስለዚህ የላስታ ልጅ ኳስን መሬት ለመሬት ማቀበል ቶሎ ይማራል፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናትና ትንፋሽም አያጥረውም።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ለወረዳ፣ ከዚያም ለዞን ተመርጦ የሚጫወት ይገኛል። እንዲህ ያለው ልጅ በጋሸና በኩል ዞሮ የድልብን ቁልቁለት ወርዶ ወልድያ ሲገባ የደረሰ ይመስለዋል። የወልድያ ቡድን በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፤ በ2009 ተመለሰ። በዚያው ዓመት በጥር ወር በሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሠራው ታላቅ ስታዲየም ተመረቀ። በ2010 መጨረሻ ቡድኑ እንደገና ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፤ ሊጉ ሄደ።

እንግዲህ ቡድን ሲወርድ ተጫዋቹ ምን ይሆናል? ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስም ያለውን ሌላ ክለብ ይወስደዋል፤ ስም የሌለው አብሮ ይወርዳል፤ ወይም ክረምቱን ስልክ ሲጠብቅ ይከርማል። በነሐሴ 2011 የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ያ ጣሪያ ለላይኞቹ ነው። ለታችኛው ተጫዋች የሚያሻው ወለል ነው፤ ስለ ወለሉ ግን የሚከራከር ብዙ ሰው አላየሁም።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ከ2013 ክረምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ላሊበላም ወልድያም በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቀው ነበሩ። ተማሪ ዓመት ቢባክንበት ክፍሉን ይደግማል። ተጫዋች ግን ሃያ አራተኛ ዓመቱን የሚደግምበት ትምህርት ቤት የለውም።

አንተም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ይህ ነገር የሚነካህ በሌላ በኩል ነው። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ የሚባሉት ቡድኖች ስማቸው የመሥሪያ ቤት ስም ነው። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ የወሰደው የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርም የፋብሪካ ቡድን ነበር። (እኔም ለመሥሪያ ቤቴ ቡድን በረኛ ሆኜ ተሰልፌያለሁ፤ የተመረጥሁት ስለ ቁመቴ ብቻ ነው።) ኳስና እንጀራ በአንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በስኮትላንድም በታችኞቹ ሊጎች ብዙው ተጫዋች ቀን በሌላ ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ ይሠራል፤ ማንም አያፍርበትም። ጆክ ስቲን በአልቢዮን ሮቨርስ ሲጫወት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ከሳምንት ሳምንት ከመሬት በታች እየሠራ ቅዳሜ ሜዳ ይወጣ ነበር። ይኸው ሰው ኋላ የሴልቲክ አሠልጣኝ ሆኖ በግንቦት 1959 ዓ.ም. ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫውን ባይወስድ ኖሮስ? የቆፋሪነት እንጀራው አይቀርበትም ነበር። የእኔ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ደብተሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጉልበቱ ያመዋል፤ በእጁ የያዘው የአሮጌ ውል ቅጂ ነው። ኳሱን ይተው አልልም፤ ወልድያ ስታዲየም ገብቶ የሕዝቡን ድምፅ የሰማ ሰው እንዲህ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። የምለው ለክለቡ ነው፦ ልጁን ስታስፈርሙ ከደመወዙ ሌላ የማታ ትምህርቱንም በውሉ ጻፉለት። ልምምዱ ጧት ነው፤ ማታው ባዶ ነው።