ከየት በኩል ይነሳል?

መቼም የጎሚስታ ልጅ ሆኖ ስለ አውሮፕላን ማውራት ደስ ይላል። አባቴ አስኮ ውስጥ ጎማ ይለጥፋል። ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅኩት በዚያች ኮምፕሬሰር ገቢ ነው፤ ዲግሪዬን ያሸተተ ሰው ጎማ ጎማ ሳይለው አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ቀዝቅዞ ሻይ ስንጠጣ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ የአውሮፕላን ጎማ ቢተነፍስ በክሪክ ታነሳዋለህ?»

ይስቃል ብዬ ነበር። «ምን ዓይነት አውሮፕላን?» አለኝ እንጂ።

አስመላሽ ዘፈሩን ነገርኩት። ታስታውሱታላችሁ? በጤና ሙያ የተመረቀ ሰው ነው። ፓይለት ለመሆን ፈልጎ ቁመትህ በ1 ሴንቲ ሜትር አነሰ ተባለ። እሱ ግን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ በ570 ቀናት የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ የቮልስ ዋገን፣ 40 የፈረስ ጉልበት፤ ጎማዎቿ የሱዙኪ ሞተር ሳይክል። ስሟ «ኬ-570ኤ»። «ኬ» እናቱ ኪሮስ ናቸው፣ ቁጥሩ ቀናቱ። በ2007 ዓ.ም. ሊያበራት ሲሞክር ፕሮፔለሩን የያዘው ብረት ተሰበረና ሙከራው ከሸፈ።

«የሱዙኪ ጎማማ እኔም እለጥፋለሁ» አለ አባቴ። «ጣጣው ማንሳቱ ነው። ከየት በኩል ይነሳል?»

ያነበብኩትን አወራሁለት። ቀላል አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ ሆዱ ሥር ክሪክ አይገባበትም። ልብሱ ሸራ ወይም ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይቀደዳል፣ ይጨማደዳል። የሚነሳው ክብደት ከሚሸከመው አጥንቱ ነው፤ ከጎማው አክሰል ሥር፣ ወይም በክንፉ ውስጥ ከሚያልፈው ዋና ተሸካሚ፣ ያውም ከሰውነቱ ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ። ከክንፉ ጫፍ ማንሳት ክልክል ነው። የፊት ጎማ ያላት ከሆነች ጭራዋ ላይ ክብደት ሲደረግ አፍንጫዋ ራሷ ብድግ ትላለች። ሌሎቹ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፣ ነፋስ ባለበት ሜዳ አይሞከርም። የብዙዎቹ ቸርኬ ደግሞ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጋጠመ ስለሆነ፣ ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት አየሩ መውጣት አለበት። አለበለዚያ ቸርኬው ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ከኛ በምን ይለያል? እዚህም ክሪኩን ያለቦታው ሰክቶ የሰው መኪና ወለል የሚያጎብጥ ሞልቷል።» ከዚያ ሻዩን አስቀመጠና «ለመሆኑ ያ ብረት ለምን ተሰበረ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

ወዳጆቼ፣ ልናዘዝ። ያኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሙከራው ከሸፈ ሲባል ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሳቅን። ቮልስ ክንፍ አወጣች የሚለው ቀልድ የኔ ነው፤ ለሳምንት ያህል ዝነኛ አድርጎኝ ነበር። በ2008 ሲኤንኤን ሲዘግብለት ደግሞ እኔው ቀዳሚ ሆኜ «የኛ ጀግና!» ብዬ ለጠፍኩ። (አባቴ ጎማ ይለጥፋል፣ እኔ ፌስቡክ ላይ።) ስስቅም ሳሞግስም ሰውየውን የያዝኩት ከክንፉ ጫፍ ነበር። ብረቱ ከምን ተሠራ? የቱ ጋ ተሰበረ? ጥሩ ብየዳ የሚችል፣ የሚያማክር መሐንዲስ፣ መሞከሪያ ሜዳ ቢያገኝስ? ይህን አልጠየቅኩም። አራት ዓመት መጠየቅ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቀው ግን ጎሚስታው።

አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። የሙከራ ጽሑፍ አምጪ ሲሉኝ እስካሁን የምወስደው ቀልድ ወይም ሙገሳ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነገር ለመሥራት የሚታገል ልጅ አይጠፋም፤ እሱ ጋ ሄጄ መጀመሪያ ምን እንደተሰበረበት ልጠይቀው አስቤያለሁ።

ይህን ለአባቴ ልነግረው ስል አንድ ታክሲ እያነከሰ ደረሰ። አባቴ ክሪኩን አንስቶ ከመኪናው ሥር አጎነበሰ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ ቦታውን ፈለገ።

«ቁጭ ብለሽ አትዪኝ፣ ልጄ። ታኮውን አቀብዪኝ» አለ።

አቀበልኩት።